የቤት ሠራተኛዋን ማን ገደላት?

ውድ ለፍላፊት የእህቴ ልጅ፣

አንቺ ስድስት ሳምንት ሙሉ ዝም ትያለሽ ብሎ ማን ያምናል? እናትሽን ስጠይቃት «ደህና ናት» ትለኝና ወሬ ትቀይራለች። እኔም ግራ ሲገባኝ ይህን ጻፍኩ። ምክር የምጠይቀው ደግሞ የገደልኳትን ሰው ነው!

የእሑዱን የሬዲዮ ድራማችንን ስሠራ አመሌን ታውቂዋለሽ። ያን የድሮ የፈረንሳይ የወንጀል ልብ ወለድ በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ በሳምንት አንድ ምዕራፍ እተረጉማለሁ እንጂ ቀጣዩን ቀድሜ አላነብም። አድማጭ ሲጓጓ እኔም ልጓጓ ብዬ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ቀን ጉድ ትሆናለህ» ትይኝ ነበር። ሆንኩልሽ።

ስድስተኛውን ክፍል ልንቀርጽ ስንል ማይክሮፎኑ አጠገብ ቆመሽ፣ «ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ሰኞ እሄዳለሁ» አልሽኝ። እኔ ሳቅኩ። እስክሪብቶዬን አነሳሁና የምትጫወቻትን የቤት ሠራተኛ ከደረጃ አስገፍትሬ ገደልኳት። መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ የራሴ ተንኮል ነው። የድምፅ ባለሙያው ለአወዳደቅሽ ድምፅ አንድ ጆንያ ድንች ሲጥል ስቱዲዮው በሳቅ ፈረሰ። አንቺ ብቻ አልሳቅሽም። ወረቀቱን አጥፈሽ ወጣሽ።

ትናንት የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጥኩ። መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰብስቧል። በሩ ተከፈተ። ማን ገባ? የቤት ሠራተኛዋ! ጌታዋን ማን እንደመረዘው ያየችው እሷ ብቻ ናት። እኔ ደግሞ ቀብሬያታለሁ፤ ያውም በሙዚቃ።

«መንትያ እህት ብትኖራትስ?» አልኩት የድምፅ ባለሙያውን።

«ቀብሯ ላይ ዘመድ የላትም ብለሃል።»

«መንፈሷ ቢመጣስ?»

«ጋሼ፣ አርፈህ ለልጅቷ ደውልላት!»

ፀጉር አስተካካዩም ምላጩን አንገቴ ላይ አድርጎ «ማን ነው የገፋት?» ይለኛል። እኔ የት አውቄ! ከድራማው ሰዎች መጀመሪያ ሐኪሙን ጠረጠርኩ፤ ከዚያ የተመረዘውን ጌታ ወንድም። ሁለቱም በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ አልነበሩም። ዞሬ ዞሬ ደረጃው ላይ የማገኘው ራሴን ነው። «አትሂጂ» ማለት ቢያቅተኝ በቀልድ ገፋሁሽ። ግን እንድትቀሪ ፈልጌ ነበር? እሱም አልለየልኝም። ሥራ በማግኘትሽ ደስ ብሎኛል፤ ደስታው ግን ንዴት ንዴት ይለኛል። እንዲህ ያለ ነገር በየትኛው መዝገበ ቃላት ይፈለጋል?

ቀረጻው ዓርብ በስምንት ሰዓት ነው። ድምፅሽን በስልክም መቅረጽ ይቻላል ተብያለሁ። ከደወልሽ፣ የተቀበረችው ሌላ ሰው ነበረች እንላለን፤ አድማጭ ይሳቅብኝ። ካልደወልሽ፣ መርማሪው ወደ ማይክሮፎኑ ቀርቦ፣ «ይህችን ልጅ የገደላት ደራሲው ነው። ልሄድ ነው ስላለችው ነው» ይላል። ሁለቱንም ጽፌ ጨርሻለሁ። ዓርብ ሁለቱንም ይዤ ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ።

የሚናፍቅሽ፣ ግን በአፉ የማይልሽ፣
አጎትሽ