የታችኛው መስክ ውሃውን ለቀቀ

ሐሙስ ጠዋት፣ ትልቁ ዝናብ በጣለ ማግስት

ይድረስ ለምወድህም ለተቀየምኩህም ባለቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? የወደቡ ሥራ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። እናትህም ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው፤ ምላሳቸው እንደሆነ አንተ ከምታውቀው ብሷል።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «ያ ጭቃ ላሞቹንም አንቺንም ሳይውጥ ሸጠሽ ነይ» ብለሃል። አልመጣም። ምክንያቱን ላስረዳህ፣ ቁጭ ብለህ አንብብ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ታችኛው መስክ ላይ፣ ውሃው ከሚተኛበት መሃል፣ ጉድጓድ ቆፈርኩ። እናትህ ወንበራቸውን አጥሩ ሥር አስቀምጠው «ደግሞ ማንን ልትቀብሪ ነው?» አሉኝ። ላዩ ረግረግ ነው። አንድ ክንድ ያህል ስወርድ አካፋው ድንጋይ የመታ ይመስል ነጠረ፤ ድንጋይ ግን አልነበረም፣ አፈር ነው። በዶማ ሰብሬው ስገባ ከሥሩ ያለው ደረቅ ሆኖ አገኘሁት። ስንት ዓመት «ከሥር ምንጭ አለው» ስትለኝ ኖርክ፤ ምንም ምንጭ የለም። ላሞቹ በዝናብ ሲረግጡት፣ አንተም በእርጥቡ ትራክተር ስትነዳበት ጠጥሮ ነው። ውሃው መውረጃ አጥቶ ላዩ ላይ ይተኛል፤ እኛ ደግሞ ዳር ዳሩን ቦይ እናሰፋለን።

በጋውን ጠበቅኩ። አፈሩ በእጄ ሳሸው የሚፈረፈር ሲሆን ከእኛ የሚበልጥ ትራክተር ያለውን ጎረቤታችንን ጠራሁት፤ ረጅም ጥርስ ባለው ማረሻ፣ አፈሩን ሳይገለብጥ፣ ያን ጠጣር ከመስኩ ላይኛ ጫፍ ቁልቁል እስከ ቦዩ ድረስ ሰነጠቀልኝ። የላሞቹንም ገንዳ ከታች አንስቼ ጠጠር ያለበት ከፍታ ላይ አኖርኩት። ለቧንቧው ይቀርባል ብለህ እዚያ ያስቀመጥከው አንተ ነህ፤ ላሞቹ ውሃ ሊጠጡ እየመጡ፣ ቀኑን ሙሉ እዚያው እየቆሙ መሬቱን ሲደበድቡት ኖሩ። ዝናቡ ሲጀምር አንዲትም ላም ወደ መስኩ አላስገባሁም። አኮረፉኝ። ኩርፊያ እንደሆነ ለምጃለሁ።

ትናንት ሲዘንብ ዋለ። ዛሬ ጠዋት ቦት ጫማህን አጥልቄ ወረድኩ። ውሃው በቦዩ እየተንዶቀዶቀ ይወርዳል፤ መስኩ ላይ ግን ኩሬ የሚባል የለም። ተረከዜን ብጫነው ለስለስ ብሎ ተቀበለኝ እንጂ አልዋጠኝም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እናትህ ሲያዩኝ «መስክ ደረቀ ተብሎ ይለቀሳል እንዴ?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጻፊለት። ልጄ እኮ ሥራ አይፈራም፤ ተሳስተሃል መባልን ነው የሚፈራው» አሉ።

ይኸው ጻፍኩልህ። ተሳስተሃል። ሰማኸው፣ አልሞትክም።

ላይኛው መስክም እንደዚሁ ጠጥሯል፤ በመጪው በጋ ይሰነጠቃል። ብቻዬን እችለዋለሁ። ግን ብቻዬን መቻል ሰልችቶኛል።

ጤና ይስጥህ፣ ከክፉ ይጠብቅህ፣ መንገድህንም ያቅናልህ፤ መንገድ ስልህ ወደዚህ የሚያመጣውን ነው።

ግትሯ ሚስትህ