የላክሽው ሽሮፕ

ልጄ፣ ፈጣሪ ጤናሽን ይጠብቅልሽ፤ ልብም ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን። የጓሮው በር ተገንጥሎ አባትሽ በስንት ጭቅጭቅ ጠገነው።

«አለቃዬ ጊዜው ባለፈ መድኃኒት ላይ አዲስ ቀን ለጥፊ ይለኛል፤ እምቢ ካልኩ ያባርረኛል፣ ምን ላድርግ?» ብለሽ ጽፈሻል። እየለጠፍሽ ነው የምትጠይቂኝ? እኔ ከልብስ ስፌት ሥራ ሁለቴ የተባረርኩት አፌን አልዘጋም ብዬ ነው፤ ከእኔ ቁመቱን ብቻ ነው እንዴ የወረስሽው?

የእህትሽ ልጅ ሳል ይዞት ሰንብቷል። ከመሥሪያ ቤትሽ የላክሽለት ሽሮፕ ጠረጴዛው ላይ ነው። የቀኑን ወረቀት በጥፍሬ ልልጠው ብዬ ተውኩት፤ ከሥሩ ያለውን ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?

ክፉ አይንካሽ፤ እጅሽንም ከዚያ ሥራ ያውጣልሽ። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ፤ ለልጁ ልስጠው ወይስ ልድፋው?

እናትሽ