አንቺ ፈርመሽ የሰጠሽው ደሜ

አስካልዬ፣

ሙት ዓመትሽን ካወጣን አራት ወር አለፈ። እስከዛሬ አንድም ቀን አልጻፍኩልሽም፤ ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ የሥራ ፈት ሥራ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ግን አንድ ነገር ገጠመኝ። ከአንቺ በቀር የምነግረው ሰው ደግሞ የለኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ልጃችን ሳንሱሲ ሰፈር ቤት ተከራይታ ወጥታለች። እሁድ እሁድ ትመጣለች፣ ፍሪጁን ከፍታ ትቆጣኛለች፣ ትሄዳለች። 18 ማዞሪያ ያለችው የራዲዮ መጠገኛ ሱቄ አለች፤ ሰው ግን እንደ ድሮው አያስጠግንም፣ ሲበላሽበት ይጥላል። ባለቤቶቻቸው የረሷቸውን ራዲዮኖች ወደ ቤት አምጥቼ አልጋው ላይ በአንቺ ጎን ደርድሬያቸዋለሁ። ብታዪ ትጮሂብኝ ነበር። ባዶውን ከማየት ይሻላል ብዬ ነው። ጠዋት ስነቃ እጄ የሚነካው አንቴና ነው። ከሰው ጋር አንዲት ቃል ሳልለዋወጥ የሚመሽበት ቀን ብዙ ነው።

አሁን ያን ውሸቴን ላንሳው። ሐኪሙ ካንሰር መሆኑን የነገረው ለእኔ ነበር። ሰምተሽ ተስፋ እንዳትቆርጪ ፈርቼ እንዳይነግርሽ ለመንኩት። አንቺን የአንጀት ቁስለት ነው አልኩሽ። ፀጉርሽ ሲረግፍ መድኃኒቱ ከባድ ስለሆነ ነው አልኩሽ። ወረቀቱን ሁሉ አሮጌ ራዲዮ ውስጥ ከትቼ በብሎን አሰርኩት። እግርሽን እያሸሁ፣ ለእኔ ያድርገው፣ ለእኔ ያድርገው እልሽ ነበር፤ የበሽታውን ስም ግን ከአፌ አላወጣሁም። በመጨረሻው ቀን እንኳ ነገ ቤታችን እንገባለን አልኩሽ። አንቺም አዎ ብለሽ እጄን ያዝሽኝ። ሳንሰነባበት ቀረን። ከዚያ ወዲህ ውስጥ ውስጡን የሚበላኝ ይህ ነው፤ ሚስቴን እንደ ልጅ አታልዬ መላኬ።

ሐሙስ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ተኝተሽበት በነበረው ሆስፒታል ጥናት የምትሠራ ሊያ የምትባል ወጣት ናት። የጤነኛ ሰው ደም እንፈልጋለን፣ የእርስዎን ስም የሰጡን ባለቤትዎ ናቸው አለችኝ። ሳቄ መጣ። በሕይወት ሳለሽም ሳትጠይቂኝ ነበር የምታስመዘግቢኝ። የእድር ድንኳን ተካይ ሲጠፋ፣ የሰፈር ቦይ ሲቆፈር፣ ሁሌም የእኔ ስም አንደኛ ነበር። እያጉረመረምኩ ታክሲ ያዝኩ።

ሊያ የሚሞክሩትን መሣሪያ አሳየችኝ። የስኳር መለኪያ ወረቀት የምታክል ቀጭን ነገር ናት። ጫፏ ወርቅ ተቀብቷል፤ ወርቁ ላይ ደግሞ የካንሰርን ሕዋስ ለይቶ የሚይዝ ነገር አለ። ደም ጠብ ይደረግባትና ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለቀቅባታል። ሕዋሱ ከተያዘ ኤሌክትሪኩ እንደ ልቡ አያልፍም፤ ያን ይለካሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ቴስተር ይዤ መስመር የት እንደተዘጋ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝና ወዲያው ገባኝ። ገና ሙከራ ነው፣ ለታማሚ አልደረሰም። ለአንቺ ደርሶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ራሴን እንዳላስቸግር ቆርጬ ነበር የሄድኩት። አልሆነልኝም።

ከዚያ አንቺ የፈረምሽበትን ቅጽ አውጥታ ጤነኛ ደም ሰጪ ተብሎ ስሜ የተጻፈበትን ቦታ አሳየችኝ። ዓይኔ ያረፈው ግን ከላይ ነው። የአንጀት ካንሰር ሕሙማን የፈቃድ ቅጽ ይላል፣ በአማርኛ፣ በትልልቁ። ከሥር ያ ጭራውን የምትጎትቺው ፊርማሽ አለ። ሊያ ራሷ እንደነገረችኝ፣ እኔ መድኃኒት ልገዛ በወጣሁበት ሰዓት አልጋሽ ድረስ መጥታ ልታስረዳሽ ስትጀምር፣ አውቃለሁ ብለሻታል። ባሌ እንዳይሰማ፣ እኔ የማላውቅ ሲመስለው ነው የሚበረታው ብለሻታል።

አስካልዬ፣ ለካ በመጨረሻው ቀን አዎ ያልሽኝ ቤት እንደማንገባ እያወቅሽ ነው። መጀመሪያ ተናደድኩብሽ፣ እውነቴን ነው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ስቃጠል ኖሬ! ቀጥሎ እንባዬ መጣ፤ ሊያ መርፌ የፈራሁ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

ደሜን ሰጠሁ። ግማሹን እንዳለ ለኩት፤ ምንም የለበትም። ግማሹን ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አድርገው እዚያው ያሳደጉትን የካንሰር ሕዋስ ጨመሩበት፤ መሣሪያው ያገኘው እንደሆነ የሚፈትኑት እንደዚያ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ከፍ አለ። አገኘው ብላ ሊያ በደስታ አጨበጨበች። እኔ ብልቃጧን ነበር የማየው። ያን ሁሉ ቀን ለእኔ ያድርገው ያልኩት ነገር፣ ጣት በማታክል ብልቃጥ ውስጥ ለእኔ ሆኗል። ዘግይቷል፣ ለአንቺም የፈየደልሽ ነገር የለም። ብቻ ለአንዲት ደቂቃ አብሬሽ የታመምኩ መሰለኝ።

ስመለስ ወደ ዘነበወርቅ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ አንድ ሰውዬ ክንዴ ላይ ያለውን ጥጥ አይተው ምነው ደህና ነዎት ወይ አሉኝ። ደህና ነኝ፣ ባለቤቴ ናት በካንሰር የሞተችው አልኳቸው። የበሽታውን ስም ጮክ ብዬ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው።

ሊያ ስትደውል እየሄድኩ እሰጣለሁ፤ ክንዴ እስከቻለ ድረስ። ያስመዘገብሽኝ አንቺ ነሽና በሄድኩ ቁጥር ስምሽ ከስሜ ጋር ይጠራል። ያን ጊዜ ብቻ አስታውስሻለሁ ብልሽ ግን መዋሸት ይሆንብኛል፤ የማስታውስሽ በየጠዋቱ ነው፣ አንቴናው እጄን በነካኝ ቁጥር። ውሸት ደግሞ ለሁለታችንም ይበቃናል። ስለዚህ በዚያ በመጨረሻው ቀን አንቺም እኔም እያወቅን የዋጥነውን አሁን ልበልሽ።

ነገ ቤት አንገባም፣ አስካልዬ። ደህና ሁኚልኝ።