የአርባ አንድ ቁጥር ሥዕል

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? አሁንም አንድ ደረጃ ወጥተሽ አንዴ ቆመሽ ትረግሚዋለሽ ወይስ ሐኪሙ የሰጠሽ ቅባት አስታርቋችኋል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ስፌት ቤት አብረውሽ የሚውሉት ሴቶች ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ ቤት ሁሉም ሰላም ነው። ልጆቹ ስምሽን ሳያነሱ አይውሉም፤ ትንሿማ አንቺ የሰፋሽላትን ቀሚስ ካልለበስኩ ትምህርት ቤት አልሄድም እያለች ጠዋት ጠዋት ታስጨንቀናለች። እኔም ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት ትርፉ ትዝብት ነው። ደህና አይደለሁም። እንቅልፍ ካጣሁ ሁለት ሳምንት አለፈኝ፤ የበላሁትም አይረጋልኝም። ባለቤቴ ምን ሆነህ ነው እንደዚህ የከሳኸው ስትለኝ ስብሰባ በዝቶብኝ ነው አልኳት። ስብሰባ ሰው ያከሳል እንዴ፣ ሌሎቹ ሲወፍሩበት ነው የማየው አለችኝ።

ስልክ ብደውልልሽ ይቀል ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን ወኔዬ ይከዳኛል። ባለፈው ሳምንት ሦስቴ ደውዬ ሦስቴም ስለ ጉልበትሽ ብቻ ጠይቄ ዘጋሁ። ይሄ ልጅ ሐኪም ሆነ እንዴ ሳትይ አትቀሪም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከመጀመሪያው ልነሳ። ኮሌጃችን የወደፊት የሥዕል መምህራን የሚሠለጥኑበትን መመዘኛ እያደሰ ነው። የድሮው እኔ ራሴ የሠለጠንኩበት ነው። በእሱ አንድ ሰው የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር ሲደባለቅ ምን እንደሚሰጥ ሸምድዶ፣ ፈተናውን በወረቀት አልፎ፣ ፊቱ አንድም ልጅ ሳይቀመጥ ይመረቅ ነበር። አዲሱ ግን ሠልጣኙን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ክፍል ያስገባዋል፤ ልጅ የሳለውን አይቶ "ተሳስተሃል" ሳይል መናገርን ያስተምረዋል፤ በኮምፒውተር መሳልም ተጨምሮበታል። ጥሩ ሥራ ነው፤ እውነቴን ነው የምልሽ፣ በዕድሜዬ ከተቀመጥኩባቸው ኮሚቴዎች ሁሉ የማላፍርበት ይሄ ብቻ ነው። ሰባት ነን። እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ፤ የእጅ ጽሕፈትህ ያምራል ብለው። ሥዕሌን ያመሰገነ ሰው ስለማላውቅ በዚህም ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ሙሉ የተከራከርነው በአንድ አንቀጽ ላይ ነበር፤ ራሱ በደንብ የማይስል ሰው ሥዕል ማስተማር ይችላል ወይ? ሰብሳቢዋ የሥልጠና ክፍሉ ኃላፊ ናት፣ ንግግሯ አጭር፣ እርሳሷ ሁልጊዜ የተቀረጸ ሴት። መዋኘት የማይችል ዋና ያስተምራል እንዴ አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ አጎንብሼ አብሬ ሳቅሁ። ተማሪዎቼ "መምህር እዩት" ነው የሚሉኝ። ሰሌዳ ላይ ስል እጄ ስለማይታዘዘኝ ዕቃውን አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥና እዩት፣ ደግማችሁ እዩት፣ ከየት ይጀምራል፣ የት ይጠፋል እያልኩ ስለማደርቃቸው። ከእነሱ ውስጥ እኔን አሥር ጊዜ የሚያስከነዱ ሰዓሊዎች ወጥተዋል። ይህን ለኮሚቴው መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም።

ሁለት ትንንሽ አንቀጾች ግን እኔው አስገብቻለሁ። አንዱ፣ በመግቢያ ፈተና ላይ ማንኛውም ተፈታኝ መሳል ከመጀመሩ በፊት ቁጥሩን በገዛ እጁ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በግራ እጃቸው ለሚስሉ የአግዳሚው ግራ ጫፍ ይሰጣቸው የሚል። ይሄም መመዘኛ ሆኖ ብለው ቀለዱብኝ። ድርቅ አልኩ። ኮሚቴ ላይ ድርቅ ስል አይተውኝ ስለማያውቁ ገርሟቸው አጸደቁልኝ።

በአንቀጾቼ ያልሳቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ቀራፂ አለ፣ በአማካሪነት የተጨመረ። ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚሰበሰብ ይተኛል እያልን እንቀልድበታለን። ያን ዕለት ግን ዓይኑን ገልጦ አየኝ።

ከዚያ ናሙና መምረጥ መጣ። ፈታኞች በየፊናቸው ማርክ እንዳይሰጡ፣ መመዘኛው ላይ "ዝቅተኛ እንዲህ ያለው ነው፣ መካከለኛ ይሄ ነው፣ ከፍተኛ ይሄ ነው" ብሎ የሚያሳይ ሥዕል መታተም አለበት። ከመዝገብ ቤት የድሮ የመግቢያ ፈተና ወረቀቶች በካርቶን መጡ። ስም የላቸውም፤ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ብቻ። ሰብሳቢዋ አንድ በአንድ እያነሳች ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች፣ እኛ እጅ እናወጣለን። አንዱን ዘረጋች። ወንበር፣ ወንበሩ ላይ የተጣለ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ ማንቆርቆሪያ። ሁሉም ሳይጠየቁ እጃቸውን አወጡ። ገልብጣ ቁጥሩን አነበበችው፤ አርባ አንድ። እኔ እስክሪብቶዬ ከእጄ ወድቆ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ፤ እዚያው ብቀር በወደድኩ።

ያን ቀን መቼም አትረሺውም እታለም። እናታችን ታማ አንድ ዓመት አቋርጠሽ ስለነበር እኩል ደርሰን አንድ ላይ ተፈተንን። የኔ ቁጥር አርባ አንድ፣ ያንቺ አርባ ሁለት። ቁጥሮቹ አግዳሚው ላይ ተለጥፈው ነበር፤ አርባ አንድ ግራ ጫፍ ላይ ነው። አንቺ ግራኝ ነሽ፤ ገና የመጀመሪያውን መስመር ሳናሰምር ያንቺ ግራ ክርንና የኔ ቀኝ ክርን ይጋጩ ጀመር። ተነስ ቦታ እንቀያየር፣ እንደ ፍየል ስንዋጋ ልንውል ነው አልሽኝ። ተቀያየርን። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንቺ ቀና ሳትይ ሳልሽ። ያንቺ ማንቆርቆሪያ ውስጡ ውሃ ያለ ይመስል ነበር። የኔው አፉ ወደ ጎን ዞሮ ሰው የሚያማ ነው የሚመስለው። ሰዓቱ ሲያልቅ ወረቀታችሁን ባለበት ትታችሁ ውጡ ተባልን፤ ፈታኙ እየዞረ በየወረቀቱ ጀርባ የመቀመጫውን ቁጥር ጻፈ።

ውጤቱ ሲለጠፍ አርባ አንድ አለፈ፣ አርባ ሁለት ወደቀ። እናታችን የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ አንዱ ለቀለም አንዷ ለመርፌ አለች። አንቺ በወሩ ስፌት ቤት ገባሽ። የኔን ወረቀትና ቀለም ስትገዢልኝ የኖርሽው በዚያው መርፌ ነው። እኔ ነገሩን ያወቅሁት ኮሌጅ በገባሁ በመጀመሪያው ወር ነው፤ ምርጥ የመግቢያ ሥዕሎች ኮሪደር ላይ ሲሰቀሉ ያንቺን ማንቆርቆሪያ ከሥሩ በኔ ቁጥር አየሁት። ክው አልኩ። ግን ትምህርት ተጀምሯል፣ ምን ይደረጋል፣ ሆድ ይፍጀው አልኩና ዝም አልኩ።

ወደ ኮሚቴው ልመለስ። ሥዕሉ ሲመረጥ ሽማግሌው ቀራፂ ተነስቶ መጣና አፍንጫው ወረቀቱን እስኪነካ አጎነበሰ። የጥላውን መስመሮች በጣቱ እየተከተለ፣ እዩ፣ ከላይ ከግራ ተነስተው ወደ ታች ወደ ቀኝ ነው የሚወርዱት፣ ይህን የሳለው ግራኝ ነው አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ቃለ ጉባኤ የምጽፍበትን ቀኝ እጄን አየ። ወይም እንዳየው መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው እጄን የሚያየው ይመስለኛል፤ አንድ ቀን እጄን ኪሴ ከትቼ ክፍል ገብቼ ተማሪዎቹ መምህር በርዶዎታል እንዴ አሉኝ።

ጉዱ ገና ነው። ሥዕሉን ለማተም የሳለው ሰው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለ። ጸሐፊው የድሮውን መዝገብ አገላብጦ የአርባ አንድ ቁጥርን ባለቤት ይፈልግ ተብሎ ተወሰነ። ገባሽ? የራሴን ስም ፈልጌ እንዳገኝ ታዘዝኩ። መዝገቡን አቧራውን አራግፌ ገለጥኩት፤ ስሜ እዚያው ተቀምጦ ጠበቀኝ።

ሦስት መንገድ ነበረኝ። የኔ ነው ብል እጄን ጨብጠው እንኳን ደስ አለህ ይሉኛል፤ ሽማግሌው ግን እርሳስ ሰጥቶ እስቲ አንዴ ሳልልን ቢለኝስ? ሁለተኛው ቀላል ነው፤ "ባለቤቱ አልተገኘም" ብሎ መጻፍ። ማንም አያጣራም። ይህን ቅጽ ላይ ሞልቼው ነበር፣ ፊርማዬ ብቻ ነበር የቀረው። አራት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ሥዕሉ "ሰዓሊው ያልታወቀ" ተብሎ ሲታተም፣ ወደፊት የሚመጡ ፈታኞች ሁሉ ከፊታቸው ዘርግተውት ማርክ ሲሰጡበት፣ አንቺ ደግሞ እዚያ ስፌት ቤት የሰው እጅጌ ስትሰፊ አሰብኩ። ቀደድኩት። የቀረኝ ሦስተኛው ብቻ ነበር፤ እውነቱን መጻፍ።

እታለም፣ ከላይ የጻፍኩት አንድ ነገር ውሸት ነው። ልሰርዘው አሰብኩና ተውኩት፤ እንዴት እንደምዋሽ እይው። ያወቅሁት ኮሪደር ላይ አይደለም። ያን ቀን ሁሉም ሲወጣ አንቺ የጠቆረ እጅሽን ልትታጠቢ ወደ ቧንቧው ሮጥሽ። እኔ እርሳሶቻችንን ለመሰብሰብ ወደኋላ ቀረሁ። ፈታኙ አግዳሚያችን ጋ ደረሰ። ያንቺን ወረቀት አነሳ፣ አግዳሚው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አየ፣ አርባ አንድ ብሎ ጻፈ። የኔን አነሳ፣ አርባ ሁለት ብሎ ጻፈ። ከእሱ ጋር ያለን ርቀት አንድ ክንድ ነበር። "ጋሼ፣ ተቀያይረን ነው" ማለት ሦስት ቃል ነው። አፌን ከፈትኩ። ሥዕልሽን አየሁ፣ የኔን አየሁ፣ አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ወጥቼ እጅሽን የምታደርቂበት መሃረብ ሰጠሁሽ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር እያልኩ ሃያ ስድስት ዓመት ራሴን ሳባብል ኖርኩ።

አንቺን አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁሽም። ብጠይቅሽ ልጆች አሉህ፣ እንጀራህን አትዝጋ፣ ተወው እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ እኔም የምፈልገው እሱኑ ነበር። ስለዚህ ትናንት ጠዋት አዲስ ቅጽ ሞልቼ ለሰብሳቢዋ ሰጥቻለሁ። በሰዓሊው ስም ቦታ ላይ ያንቺን ሙሉ ስም ጽፌ፣ የሆነውን ሁሉ በሁለት ገጽ አያይዤ። ቆማ አነበበችው፣ ተቀምጣ ደገመችው። አርባ ሁለትስ የማን ነው አለችኝ። የኔ ነው አልኳት። ማክሰኞ ለኮሚቴው አንተው በአንደበትህ ታስረዳለህ፣ የምስክር ወረቀትህን ጉዳይ ግን እኔ ብቻዬን አልወስንም አለችኝ። ልታባርረኝ ይሁን ልታዝንልኝ ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም።

ለባለቤቴም ማታ ነገርኳት። እኔ ያገባሁት አስተማሪውን ነው አለችኝ። ቀጥላ ዕቃ ልታጥብ ገብታ ሁለት ብርጭቆ ሰበረች።

ከዚህ ጋር የፈቃዱ ቅጽ አለልሽ። መፍቀድም መከልከልም ያንቺ ነው፤ ለኔ ብለሽ ግን አንዱንም አታድርጊ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ኮሌጅ በገባሁ በሁለተኛው ወር የታጠበ ሸሚዝ ይዘሽልኝ መጥተሽ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ስንሄድ ከአርባ አንዱ ሥዕል ፊት ቆምሽ። እኔ ወለሉን አያለሁ። ብዙ ቆየሽ። ጥላው በደንብ ወድቋል አልሽ። ከዚያ ና እንሂድ፣ እየመሸ ነው አልሽኝ፤ ቀትር ነበር። በሩ ላይ ስንለያይ የእርሳስ ሣጥንሽን ከቦርሳሽ አውጥተሽ ለአንተ ይጠቅምሃል፣ እኔ ምን ያደርግልኛል ብለሽ ሰጠሽኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትስዪ አይቼሽ አላውቅም፤ ለምን ብዬም ጠይቄሽ አላውቅም።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይስጥሽ፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ እጅሽን ይባርክልኝ፤ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ስትመልሺልኝ የፈለግሽውን ጻፊ። ስደቢኝ፣ ወንድም የለኝም በዪ፣ ከፈለግሽም ባዶ ወረቀት ላኪልኝ። አውቄ ነበር ብለሽ ግን እንዳትጽፊልኝ። እሱን አልችለውም።

ታናሽ ወንድምሽ