ባዶ እግር በውርጭ ጣሪያ ላይ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

የቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ጣሪያ ለገና ይድረስ ተብሏል። ታላቅ ወንድሜ ዛሬም ውርጩ ሳይለቅ በባዶ እግሩ ቆርቆሮው ላይ ወጣ። ከደብረ ማርቆስ ገመድና የሸራ ጫማ ገዝቼ ይዤለት ሄጄ ነበር።

«ጋሼ፣ ጫማውን አድርግ። ገመዱንም ወገብህ ላይ እሰረው።»

«ወይፈን መሰልኩህ?» ብሎ ሳቀ።

ቄሱን ለመንኳቸው። «ታቦቱ ለሥራው ወጥቷል፤ ጫማ አድርግ ብዬዋለሁ» አሉኝ። እሱ ከላይ ሰምቶ «አባ፣ ታቦቱ ቢወጣ ቦታው አብሮ ወጣ እንዴ?» አለ። ገመዱን ግን ተቀበለኝ፤ ቆርቆሮ ሊጎትትበት።

ትንሽ ቆይቶ በጣሪያው ጠርዝ፣ ነጩ ውርጭ ላይ ቀይ ዱካ አየሁ።

«ጋሼ፣ እግርህ እየደማ ነው!»

ጎንበስ ብሎ አየው። ምስማር ወግቶታል። «አይዞህ፣ እኔ ምንም አልተሰማኝም» አለኝ።

እግሩ የማይሰማው ሰው እዚያ ላይ በምኑ ይቆማል? መዶሻውን አንስቶ ቀጠለ። እኔ መሰላሉን በሁለት እጄ አጥብቄ ይዤ ቆምኩ። እሱ ግን መሰላሉ ላይ አልነበረም።