የቀዩ መኪና ወንበር

ኡበይደላ፣

በቀዩ ስፖርት መኪናህ ወንበር ላይ ጂንስ ለብሶ፣ ቀበቶ ታጥቆም ሆነ ሳይታጠቅ መቀመጥን የሚከለክለው ሕግህ ከዛሬ ጀምሮ መሻሩን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

አከራያችንን እትዬ ቶይባን ይዤ ወደ ደሴ ሆስፒታል ወጥቻለሁ። "ደም ከቆዳ አይለቅም፤ ለወንበሩ ላስቲክ ከሐራ ገዝቼ እስክመጣ ጠብቁኝ" ብለህ ከሄድክ አራት ሰዓት አለፈ። መድፉ ቀርቧል። ፍንጣሪ የመታው እግራቸውም መድማቱን አላቆመም። ለሰርግህ ያስቀመጥከውን ጋቢ ከሥራቸው አነጠፍኩላቸው።
አልበቃም።

አንተ እዚህ እንዳታድር። ዳቦ በፌስታል ትቼልሃለሁ፤ እሱን ያዝና በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳ ውረድ።
በእግርህ፣ አዎ።
የመኪናውን ቁልፍ ከትራስህ ሥር አውጥቼ ወስጃለሁ። ሌላውን ዕቃ ተወው።

እትዬ ቶይባ ገና ሳስቀምጣቸው፣ "ኡበይደላስ? ልጄን ጥለነው ልንሄድ ነው እንዴ?" አሉኝ።
"መንገዱን ሊያይልዎት ቀድሞናል፤ መኪናውን ውሰዱ ያለኝም እሱ ነው" አልኳቸው። መረቁህ።

ስንገናኝ ለምን እንደዋሸሁልህ ትጠይቀኛለህ።
አላስረዳህም።

ቢኒያም