ጋሼ መኳንንት ያላማረጡት ጠመንጃ

ኖቬምበር 9፣ 1996፣ ቅዳሜ

እግሬ አለቀ። የአጋዘን አደን ከተከፈተ ሁለተኛው ቅዳሜ ነው... ፋርመርስ ብራንች ከተማ ያለ ወንድ ሁሉ እኛ የአደን ዕቃ ሱቅ የመጣ ነው የሚመስለው።

ሁለት ሽማግሌ አሜሪካኖች ፊቴ ቆመው አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቁ። አንዱ ሬሚንግተን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ሌላው ዊንቸስተር። ሁለቱም እኮ ያው ናቸው፤ መቀርቀሪያውን፣ እኛ ሱቅ ቦልት የምንለውን፣ በእጅ ሳብ መለስ እያደረጉ አንድ አንድ ጥይት የሚያጎርሱት ጠመንጃ። ሩገርም አወረድኩላቸው፣ ሳቬጅም። ሁሉንም ትከሻቸው ላይ አድርገው ደገኑ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአጋዘን ጭንቅላት አርባ ጊዜ ገደሉት። ክብደቱ፣ ሰደፉ፣ የሴፍቲ ቁልፉ፣ የእንጨቱ ቀለም... ከዚያስ? ምንም ሳይገዙ ሄዱ። አንድ ካልሲ እንኳን!

አብሮኝ ባንኮኒው ላይ የሚሠራው ዱዌይን ንዴቴን አይቶ ሳቀ። አንቺስ ማንኛውን ትመርጫለሽ አለኝ። ምን ጥያቄ አለው? ዊንቸስተር። ከአባቴ የድሮ ቤልጅግ ጠመንጃ ጋር ዘመድ ነው፤ ጥይቱን ከካዝናው ጀምሮ አንቆ ይዞ ነው የሚያጎርሰው። አባቴ ደሴ ላይ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። እኔ አሻንጉሊት ሳልይዝ መቀርቀሪያ የፈታሁ ሰው ነኝ። ለዚህ አይደል ካሸር ሆኜ ገብቼ እዚህ ያቆሙኝ።

እራት ላይ ተሻገር፣ ባሌ ሆዬ፣ "ዛሬስ ስንቱን አስታጠቅሽ?" ይለኛል። ቀልድ መሆኑ ነው።

ኖቬምበር 13፣ ረቡዕ

ዝናብ። ገበያ የለም። አንድ ሳቬጅ ብቻ ሸጥኩ። ርካሽ ነው ብለው ይንቁታል እንጂ ሲያነጣጥሩበት አይስትም።

ኖቬምበር 17፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ መኳንንት ጠሩኝ። "ፀዳለ፣ ሱቃችሁ ከሀይዌዩ በየትኛው ኤግዚት ነው የሚወጣው?" ለምን ብላቸው... አደን ሊሄዱ! በስድሳ ስምንት ዓመታቸው! "በልጅነቴ ሚዳቋ እመታ ነበር" ብለው ሳቁ።

ሲስቁ ያየኋቸው ባለቤታቸውን እትዬ እናትነሽን ኤፕሪል ላይ ከቀበርን ወዲህ ዛሬ ገና ነው። ሰባት ወር ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን በቀር ከዚያ አፓርትማ አልወጡም። ደስ አለኝ። እኛ ከሱዳን የገባን ቀን ኤርፖርት የተቀበሉን፣ ሦስት ወር ኧርቪንግ ቤታቸው ያኖሩን ሰው እኮ ናቸው። አልጋቸውን ለቀውልን ሶፋ ላይ ነበር የሚያድሩት። ጥሩውን መርጬ እሰጣቸዋለሁ።

ኖቬምበር 21፣ ሐሙስ

መጡ! ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከራቫት አስረው። ጠመንጃ ሊገዙ ሳይሆን ሽምግልና የመጡ ነው የሚመስለው።

"ጋሼ፣ ሬሚንግተን አለ፣ ዊንቸስተር አለ፣ ሩገር አለ..."

"አንቺ ያልሽው ይሁን።"

"ኖ፣ ትከሻዎ ላይ ይሞክሩት እንጂ። ማለቴ ክብደቱን ይዩት።"

"ላንቺ ከታየሽ ለኔም ታየኝ።"

እንዲህ ስላመኑኝ ደስ አለኝ። ዊንቸስተሩን ሰጠኋቸው። ፎርሙን ሞሉ፣ የአደን ላይሰንስ አወጣሁላቸው፣ ማናጀሩን ለምኜ ዲስካውንት አስደረግሁ። እንዲህ ያለ ቀላል ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም። ሩብ ሰዓት አልፈጀም! ሃያ ጥይት ያለበትን ፓኮ ሳቀርብላቸው "ሃያ? ሃያ ምን ያደርግልኛል ልጄ?" አሉ። ሳቅኩ። የድሮ ሰው ጉራ... አንድ ጥይት ላንድ አውሬ። ለዱዌይን ተረጎምኩለት፣ እሱም ሳቀ።

ረቡዕ ነው የሚሄዱት። ከማን ጋር እንደሆነ ልጠይቅ አልኩና ተውኩት። ሌላ ሰው ቢሆን እጠይቅ ነበር፣ ሥራዬ ነው። ጋሼ መኳንንትን ግን ምን ብዬ እመረምራለሁ? መኪናቸው ድረስ ተሸክሜ ሸኘኋቸው። ግንባሬን ሳሙኝ።

ኖቬምበር 24፣ እሑድ

የነቢያት ጾም ዛሬ ገባ። ልጆቹ ገና ካሁኑ ፒዛ ፒዛ ይላሉ።

ጋሼ መኳንንት ድስቴን መለሱልኝ። ለእትዬ እናትነሽ አርባ ያዋስኳቸውን። ረስቼው ነበር እኮ። ፍትግ ተደርጎ ታጥቦ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ። "የሰው ዕቃ ቤቴ አይሁን ብዬ ነው" አሉ። ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ናቸው!

ኖቬምበር 26፣ ማክሰኞ

ዛሬን ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ምሳ ሰዓት ላይ ዱዌይን የተርኪ ሥጋ ሳንዱቹን ግማሽ ሰጠኝ። ጾም ነኝ አልኩት። እስከ መቼ? እስከ ጃንዋሪ ሰባት፣ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ሁሉም የኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው እንደዚሁ ነው አልኩት። ሳንዱቹን እየገመጠ፣ "ያ ሽማግሌ ወዳጅሽስ? ነገ የሚገድለውን አጋዘን ምን ሊያደርገው ነው?" አለኝ።

ምሳዬን አስቀመጥኩ።

ጋሼ መኳንንት? ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምሱት? እትዬ እናትነሽን ሆስፒታል ሲያስታምሙ እንኳን ጾማቸውን ያልፈቱት ሰው... በጾም፣ ያውም በረቡዕ፣ ሥጋ ሊያድኑ?

ከዚያ ሁሉም ተከታትሎ መጣብኝ። ትከሻቸው ላይ አልሞከሩትም። ዋጋ አልጠየቁም። አራት ዓመት እዚያ ባንኮኒ ላይ ስቆም "ያልሽው ይሁን" ያለኝ አዳኝ አላውቅም! ሁሉም ይጨቀጭቀኛል፣ ሁሉም ያማርጣል። ሃያ ምን ያደርግልኛል... ድስቴ! ድስቴን መለሱልኝ። እኔ ደግሞ ጨዋ ናቸው እያልኩ ጻፍኩ፣ ይኸው እዚህ ላይ!

ለማናጀሩ ምን ብዬ እንደወጣሁ አላውቅም። ኧርቪንግ ድረስ እንዴት እንደነዳሁ፣ የት ፓርክ እንዳደረግሁ አላስታውስም። በሩን ስደበድብ ራሳቸው ከፈቱ። በሕይወት አሉ። የበሩን መቃን ያዝኩ።

ቤቱ ባዶ ሆኗል። ካርቶኖች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፣ ላያቸው ላይ ስም ተጽፏል። "ለልጄ ለሐሴት"። "ለቤተ ክርስቲያን"። "ለፀዳለና ለተሻገር"። ስሜን አየሁት... በሳቸው ጥሩ የእጅ ጽሑፍ! ጠመንጃው አልጋው ላይ ተጋድሟል።

ምን ይባላል? ጋሼ፣ ራስዎን ሊያጠፉ ነው ወይ ይባላል? አፌ እንቢ አለኝ። ዋሸሁ።

"ጋሼ፣ ቦልቱን ሳላጸዳው ነው የሰጠሁዎት። ግራሶ አለበት። የኔ ጥፋት ነው፣ ልውሰደው።"

መልስ ሳልጠብቅ ቦልቱን ሳብኩት፣ አወጣሁት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቦልቱ ከወጣ ጠመንጃ ዱላ ነው።

"ለነገ ጠዋት ይደርስልኛል?" አሉ።

"ነገ እኮ ጾም ነው ጋሼ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ በዚያ በረጋ ድምፃቸው፣ ድሮ ኤርፖርት ፓርኪንግ ሲሠሩ ደንበኛ እንደሚያናግሩት፣ ነገሩኝ። "አደን ላይ አደጋ ደረሰበት ቢባል ፍትሐት ይደረግልኛል። ራሱን ገደለ ከተባለ ግን ቄሶቹ ይቸገራሉ። እናትነሽ አጠገብም ላያስቀብሩኝ ነው።"

ሁሉን አስበውታል። ላይሰንሱን፣ ካርቶኖቹን፣ ድስቴን! ጾሙን ብቻ ረስተዋል። "ጾሙን እንዴት ረሳሁት? እኔ? ጾም?" እያሉ አለቀሱ። እሳቸውን ያስደነገጣቸው እሱ ነው!

ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ ሽማግሌ ላይ ጮኼ አላውቅም። "እኔ ነኝ እኮ የመረጥኩልዎት! በኔ እጅ! እኔ ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ እኖራለሁ?" አልኳቸው። ይሄን አላሰብኩትም አሉ። "ደስ ይላታል ብዬ እኮ ነው አንቺ ጋ የመጣሁት።"

ለምን አልነገሩንም አልኳቸው። "ሁላችሁም ደህና ነዎት ትሉኛላችሁ። መልሱን ሳትሰሙ ታልፋላችሁ።" እውነት ነው። እኔም እንደዚያ ነው የማልፋቸው። በየእሑዱ።

ተሻገርን ኮል አደረግሁ። የሚነዳውን የመንገደኞች ሻትል ለጓደኛው ሰጥቶ መጣ። ወደ እኛ ቤት ወሰድናቸው። ዴንተን ከተማ ለምትማረው ልጃቸው ለሐሴት ደወልን። ስነግራት ስልኩ ሲወድቅ ሰማሁ።

ኖቬምበር 27፣ ረቡዕ

ዛሬ ነበር።

ሐሴት ከሌሊቱ ጀምራ እዚህ ናት። "ዳዲ፣ ኤቭሪ ሰንደይ ኮል አደረኩህ እኮ! አይ አም ፋይን አልክ! ደህና ነኝ አልክ!"

"ታዲያ ምን ይባላል?" አሏት።

ዶክተር ጋ ይዛቸው ሄደች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቄሱ መጡ፤ ብቻቸውን አነጋገሯቸው። ጠመንጃውን ተሻገር መኪናው ኋላ ቆልፎበታል። ቦልቱ የት እንዳለ ግን እሱም አያውቅም። የምስር ቆርቆሮው ውስጥ ነው፣ ከሥር።

ኖቬምበር 30፣ ቅዳሜ

ሥራ ገባሁ። አንድ ሰውዬ መጥቶ "ሩገር ይሁን ሳቬጅ ግድ የለኝም፣ አንዱን ስጪኝ" አለ። ለማን ነው? ከማን ጋር ነው የምትሄደው? የት? ማን ያውቃል መሄድህን? ሃያ ጥያቄ ጠየቅሁት። ለካ ላማቹ ስጦታ ነው፣ ስለ ጠመንጃ አያውቅም፣ ምስኪን። ላማቹ ስልክ አስደወልኩት። ዱዌይን "ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?" አለኝ። ነገርኩት። ቀይ ፊቱ ነጭ ሆነ። እኔም እኮ ስቄ ነበር አለ።

አራት ዓመት... ስንቱን ነው ሳልጠይቅ ዕቃውን ጠቅልዬ የሸኘሁት? አማርጠው የጨቀጨቁኝን አስታውሳለሁ። ዝም ብለው የገዙትን አንዳቸውንም አላስታውስም። ቀላል ደንበኛ እያልኩ እወዳቸው ነበር።

ዲሴምበር 14፣ ቅዳሜ

ጋሼ ዛሬ ምሳ ላይ "ሽሮሽ ቀጠነ" አሉኝ። ተሻገር ደንግጦ አየኝ፤ የምቆጣ መስሎት። ደግሜ አወፈርኩት። "አሁን ደግሞ ጨው አነሰው።" አቤት ደስ ሲለኝ!

ጃንዋሪ 11፣ 1997፣ ቅዳሜ

ገና አለፈ። ጋሼ ከሐሴት ጋር አዲስ አፓርትማ ገብተዋል፣ ሁለት መኝታ ቤት። እሷ ዴንተን እየተመላለሰች ትማራለች። ሐሙስ ሐሙስ ዶክተራቸው ጋ ይሄዳሉ።

ዛሬ ከሐሴት ጋር ጠመንጃውን ሊመልሱ ሱቅ መጡ። ማናጀሩ እንደ አሮጌ ዕቃ ሊወስደው ተስማምቷል። ቦልቱን ጠዋት ከምስሩ ውስጥ አውጥቼ ይዤው ነበር። ገጥሜ ለዱዌይን ሰጠሁት፣ ወደ ጓዳ ይዞት ገባ። አለቀ ብዬ ተነፈስኩ። ጋሼ ግን አልሄዱም። ሹራባቸውን እንደለበሱ ባንኮኒውን ተደግፈው ቆሙ።

"ለመሆኑ ያንን ለምን መረጥሽልኝ?"

"ምን ሆነ ጋሼ?"

"ሰደፉ ረጅም ነው እኮ! እንደኔ ላለ አጭር ሰው ነው እሱ? እስቲ ያንን አውርጂው።"

ሩገሩን ነው። ሐሴትን አየኋት፣ እሷም እኔን። አወረድኩት፤ ዞር ብዬ ቦልቱን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩና ሰጠኋቸው። ክፍቱን ቦታ አዩት። እኔን አዩኝ።

"አወጣሽው?"

"አወጣሁት።"

"ደግ አደረግሽ" አሉ።

ትከሻቸው ላይ አድርገው ደገኑት። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳው ላይ ያለውን አጋዘን አዩት። "አይ... ይሄ ደግሞ ከፊት ይከብዳል።" ሬሚንግተኑን፣ የሁሉንም ቦልት እያወጣሁ። "ይሄ ይሻላል፣ ግን እንጨቱ ያብለጨልጫል፣ አውሬው ከሩቅ ያይሻል።" ሳቬጁን። "ይሄንን ማን ሠራው?" አጠገባቸው የቆመ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ ምን እያሉ እንደሆነ ጠየቀ። አወቅሁት፣ ያ የዊንቸስተር ወዳጅ ነው! ሐሴት ተረጎመችለት። "ከዊንቸስተር የሚበልጥ የለም በዪው" አላት። "ቤልጅግ ሳያይ ነው በዪው" አሏት። እሱ ይላል፣ እሳቸው ይላሉ፣ ልጅቷ መሃል ላይ ቆማ ሶ፣ ሂ ሴይስ፣ ሶ፣ እንዲህ ይላል... ዱዌይን ወንበር አምጥቶ ሰጣት። አራቱንም አስወረዱኝ፣ አሰቀሉኝ፣ እንደገና አስወረዱኝ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ጨቀጨቁኝ። በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉና "ቅዳሜ እመለሳለሁ፣ ያላሳየሽኝ አለ" አሉ።

ምንም ሳይገዙ ሄዱ። አንድ ካልሲ እንኳን። ጓዳ ገብቼ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ።